ወንድሜ ያልቀረባቸው ቀናት

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንጨት ሥራ ቤታችን በመጣች ዕለት አባ ቫርኒሽ ሸሚዙን ገልቦ ጀርባውን አሳያት።

"እዚች ጋ ነው ልጄ፤ ጎንበስ ስል ቀጥ አድርጎ ይይዘኛል" አላት።

ግራ ገብቷት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። ሐኪም አለመሆኗን፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትመራመር ሰው መሆኗን፣ ወደ እኛም የመጣችው በእንጨት ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቁጠር እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳችን። አባ ቫርኒሽ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እየከተተ ወደ እኔ ዞረና "ካላከመች ታዲያ ዶክተር ያላት ማነው?" ሲል አንሾካሾከ። እሱ ሲያንሾካሾክ ጎረቤት ይሰማል።

በቤቱ አራት ነን። የቤቱም የማሽኑም ባለቤት አጎቴ ነው፤ እኔንና ወንድሜን ከልጅነታችን ጀምሮ ያሳደገን እሱ ስለሆነ ጋሼ እንለዋለን። አባ ቫርኒሽ ቀቢያችን ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። እኔ እገጣጥማለሁ፣ አለሰልሳለሁ። መጋዝ ማሽኑ ላይ የሚቆመው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ማሽኑ ከግራ እጁ ትንሿን ጣቱንና የቀለበት ጣቱን ከሥራቸው ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ አናጺዎች "ቆጣቢው" ይሉታል፤ ሌላው በአምስት የሚሠራውን እሱ በሦስት ይሠራል ለማለት ነው። ሲጠሩት እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ዶክተሯ ለእያንዳንዳችን የሚሞላ መጠይቅ አውጥታ ልትጠይቀን ስትል አጎቴ ሰዓቱን አየ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም።

"እዚያ ያስቀምጡልን ዶክተር፣ እኛ እንሞላዋለን። ይሄኛው ጽሑፉ ጥሩ ነው" ብሎ በአገጩ እኔን አመለከታት።

ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደል ግን አልስትም። በምሳ ሰዓት የአራታችንንም ሞላሁ። አንደኛው ጥያቄ "በደረሰብዎ ጉዳት ምክንያት ስንት ቀን ከሥራ ቀሩ?" ይል ነበር። ወንድሜን ጠየቅሁት። "ዜሮ" አለኝ፣ አፉ ምግብ እንደሞላ። አጎቴ ደግሞ ከወዲያ ሆኖ "ዜሮ ብለህ ጻፍ! ከዚህ ቤት ሰው አይቀርም!" አለ። ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ሳጥኗ ውስጥ ክብ አድርጌ፣ አሳምሬ ጻፍኩት።

ከስምንት ወር በኋላ ዶክተሯ ተመልሳ መጣች፤ በእጇ የያዘችው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

ጣውላ ላይ ተቀምጠን እንድንሰማት ለመነችን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምክር ቤቱ አዲስ የሥራ ደህንነት ሕግ እያረቀቀ ነው። ሕጉ መጋዝ ማሽን ሁሉ በጥርሱ ላይ ክዳን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ እንጨቱ ከሥሩ ያልፋል፣ እጅ ግን አያልፍም። ኮሚቴው ያልቆረጠለት ነገር ቢኖር እንደ እኛ ያሉት ትናንሽ ቤቶችም ይገደዱ ወይስ ይተዉ የሚለው ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተሯን ጠርተው ሰማንያ ገጽ ጥናቷን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው መለሱላትና "አንድ ገጽ ያምጡልኝ። 'ምናልባት' የሚል ቃል ደግሞ እንዳላይበት" አሏት።

"ለእነሱ ከመላኬ በፊት ለእናንተ ላንብብላችሁ። እናንተ ከገባችሁ እነሱም ይገባቸዋል" አለችን።

"እኛ ገብቶን እነሱ ካልገባቸውስ?" አለ አባ ቫርኒሽ። "እነሱ ይውጡና እኛ እንግባላቸዋ!"

ዶክተሯ ሳቀችና አነበበች። በትልልቅ ፋብሪካዎች አንድ ጉዳት ሠራተኛውን በአማካይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሥራ ያስቀረዋል። ከስድስት ሠራተኛ በታች ባላቸው ቤቶች ግን የሚቀረው ቀን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በትናንሾቹ ቤቶች የሚደርሰው ጉዳት ቀላል ነው፤ ከክዳኑ ግዴታ ነጻ ቢደረጉ የሚያሰጋ ነገር የለም።

አጎቴ ጭኑን መታ። "ድሮስ! ሥራ የሚያውቅ ሰው ክዳን ምን ያደርግለታል? መስመሩን ይጋርድበታል እንጂ። ሕግ አስገድዶኝ ካልሆነ በቀር በሕይወቴ አላስገጥመውም። እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ የተማረ ይግደለኝ የሚባለው ለዚህ ነው!"

ወንድሜም ደስ አለው። እርሳሱን በሦስት ጣቱ እያሽከረከረ "አየህ፣ የእኔም ዜሮ እዚያ ውስጥ አለች" አለኝ።

"ገባችሁ?" አለች ዶክተሯ።

ሁሉም ገባን አሉ። ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ እኔም አፍሬ "ገብቶኛል" አልኩ። አልገባኝም ነበር። ቃሉ አንድ በአንድ ገብቶኛል፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ይጠፋብኛል። ጉዳቱ ቀላል ነው ይላል ወረቀቱ። የወንድሜ እጅ ደግሞ ከወረቀቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ዜሮዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም እውነት ነው። እውነት ጽፌ እንዴት እንዲህ ሆኖ ወጣ?

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሳለሰልስም ስገጣጥምም ይሄው ነበር ሐሳቤ። አንድ በር ለደንበኛ ልናደርስ እኔ ከኋላ ወንድሜ ከፊት ይዘን ስንሄድ፣ ፊቱን ስለማላይ ነው መሰለኝ፣ ድፍረት አገኘሁ።

"ወንድም ጋሼ፣ የዚያን ቀን…"

"የየትኛው ቀን?"

"የጣትህ ቀን።"

መንገዱን ስናቋርጥ "እሺ፣ እሱስ?" አለ።

"ዜሮ ያልከኝ ነገር ትክክል ይመስልሃል?"

"አንድ ቀን ቀርቻለሁ?"

"አልቀረህም።"

"ታዲያ! ከመንደር እስከ መንደር ጣቱ የተቆረጠ ስንት ሰው አለ? በዚያው ቀን ሥራ የገባው ግን እኔ ነኝ። በስተርጅና የማወራው እሱን ነው። እሱንም ልትወስድብኝ ነው?"

"አይ… ክዳን ቢኖረው ኖሮ ብዬ ነው።"

"ቢኖረው ኖሮ አምስት ጣት ይኖረኝ ነበር፤ ቆጣቢው የሚል ስም አይወጣልኝም ነበር። የቱ ይሻላል?" አለ። እንደሚስቅ ጠበቅሁ፤ አልሳቀም። "በሩን ቀና አድርገህ ያዝ፤ ወደ እኔ አዘምመኸዋል።"

በማግስቱ ያው ማሽን ላይ ቆሞ ሳየው፣ ቀሪዎቹን ሦስት ጣቶች ከጥርሱ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ሲያሳልፋቸው፣ አጎቴ ያለው ትዝ አለኝ። ሕግ ካላስገደደው አያስገጥመውም። ሕጉ ደግሞ ሊያስገድደው አይደለም፤ ምክንያቱም እኔ አሳምሬ ዜሮ ጽፌያለሁ።

ብሎን ልገዛ ብዬ ወጣሁና ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ "ማንን ነው?" አለኝ።

"ዶክተሯን።"

"ወንድሜ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ዶክተር ያልሆንን እኔና ድመቷ ብቻ ነን። የትኛዋን?"

እንጨት ሠራተኞችን የምትቆጥረውን አልኩት። ደዋወለና ሦስተኛ ፎቅ አለኝ። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ወረቀት አንስታ አስቀመጠችኝ። ደፍሬ እንደማልናገር ስለማውቅ ቀድሜ ጽፌ ነበር የሄድኩት። ወረቀቱን ሰጠኋት። "ወንድሜ ጣቱ በተቆረጠ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ገብቷል። ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ቀላል ስለሆነ አይደለም" ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"በስንት ሰዓት ነው የተቆረጠው?"

"ሦስት ሰዓት ላይ። ጠዋት።"

"እና ከሰዓት በኋላ ለምን ተመለሰ?"

"የት ይሂድ? የምንተኛው ከሥራ ቤቱ ጀርባ ነው። ፋብሪካ ቢሆን ሐኪሙ የእረፍት ወረቀት ይጽፍለታል፤ ለኃላፊው ሰጥቶ ቤቱ ይተኛል። እኛ ጋ ወረቀት የሚቀበል የለም። ያሳደገህን ሰው ምን ብለህ ፈቃድ ትጠይቀዋለህ?"

ዶክተሯ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ቁጥሮቹን ወደ ታች እያንከባለለች ታይ ጀመር፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ። የጉዳትን ክብደት የሚለኩት ሰው በቀረበት ቀን ብዛት እንደሆነ፣ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ሁሉ እንደዚያ እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር።

"የሌሎቹም ዜሮ እንደ ወንድምህ ይሆን?"

"እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው የእኛን ነው።"

"አንድ ሰው የነገረኝን ይዤ ብቀርብ ይስቁብኛል" አለች። ከዚያ ስልኳን አነሳች። እኔ ከመጠይቆቹ ላይ ስልክ ቁጥር አነብባለሁ፣ እሷ ትደውላለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉዳቱ በደረሰ ማግሥት ሠራተኛው የት ነበር? አሥራ ሰባት ሰው አነሳ። ዘጠኙ ጋ ከባድ ጉዳት ደርሶ ነበር። ከዘጠኙ ስምንቱ ሠራተኛው በማግሥቱ ሥራ ላይ እንደነበረ ነገሯት። አንደኛው እንዲያውም "የት ሊሆን ኖሯል?" ብሎ ተቆጣት።

ስልኩን አስቀመጠችና ግንባሯን ያዘች። "ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የለካሁት ታዲያ ምንድን ነው?"

የተበተኑትን መጠይቆች ሰብስቤ አስተካከልኩላት።

"ገጹ ከተላከ ቆየ። ኮሚቴው አስተያየት የሚሰማበት መድረክ ነገ ነው። በትናንሾቹ ቤቶች ስም እንዲናገር ደግሞ ማንን እንደጋበዙ ታውቃለህ? አጎትህን። ደህና ሰው ጠቁሚን ሲሉኝ እኔው ነኝ የጠቆምኳቸው።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ እንደነገርከኝ አልናገርም። መጠይቅ የሞላን ሰው ስም ላለማንሳት ቃል ገብቻለሁ።"

ብሎኑን ሳልገዛ ተመለስኩ። አጎቴ ዘግይተሃል ብሎ አልተቆጣኝም። ኮቱን አንጠልጥሎ አቧራውን እያራገፈ ነበር። "ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ። የሚሰጡኝን ወረቀት የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል" አለኝ።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ጠረጴዛው እንደ ፈረስ ጫማ የተጠማዘዘ ነው። ጠረጴዛውን ከሥሩ አየሁት፤ መጋጠሚያው በኮላ ብቻ የተያዘ ነበር፣ አንድም ብሎን የለው። የኮሚቴው አባላት ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው ማይክሮፎንና ውሃ አለ። እኔና አጎቴ ከኋላ ካሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ዶክተሯ ፊት ነበረች፤ እኛን ስታይ አንገቷን ነቀነቀችና ዓይኗን መለሰች።

ሰብሳቢው ወፍራም፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። "ዶክተር፣ አሥር ደቂቃ አለዎት። ገጽዎን አንብበናል። ሐቁን ልንገርዎትና ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ የገባኝ ወረቀት ይህ የመጀመሪያው ነው" አሉ። ሳቅ ሆነ።

"አመሰግናለሁ" አለች ዶክተሯ። "የመጣሁት ግን ያ ገጽ ስህተት እንዳለበት ለመናገር ነው።"

ሳቁ ቆመ።

"ቁጥሩ ነው የተሳሳተው?"

"አይደለም፤ ቁጥሩ ትክክል ነው።"

"እሺ፤ ስህተቱ ታዲያ ምኑ ላይ ነው?"

"ቁጥሩ እኔ ይላል ያልኩትን አይልም።"

ሰብሳቢው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመለከቱ። "እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ?"

"ብቻዎን አይደሉም" አለች ከዳር የተቀመጠች፣ ሻሽ ያሰረች አባል። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞራ፣ "እኔ የምለው፣ 'ምናልባት' አትበሉን ብለን ስንት ጊዜ ለመንን? በመጨረሻ ምናልባት የሌለበት ገጽ መጣልን። ዛሬ ደግሞ ምናልባቱን ለብቻው ይዘውልን መጡ!" አለቻት።

እንደገና ሳቁ። የዶክተሯ ጆሮ ቀላ። ቢሆንም አልተቀመጠችም። ሰው በቀረበት ቀን መለካት ፋብሪካ ላይ እንደሚሠራ፣ በትናንሽ ቤት ግን ሰው ተጎድቶም እንደሚሠራ፣ አሥራ ሰባት ቤት ደውላ ያገኘችውን፣ ሁሉንም ተናገረች።

"ሁለት ዓመት ያጠኑትን በአሥራ ሰባት ስልክ ሊያፈርሱት ነው?" አሉ ሰብሳቢው።

"አላፈርሰውም። በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ አትወስኑ ነው የምለው።"

"ስለዚህ ትናንሾቹ ቤቶች አደገኛ ናቸው?"

"እሱንም ገና አላውቅም።"

"አላውቅም!" ሰብሳቢው ገጹን አንስተው ለሁለት አጠፉት፣ እንደገናም አጠፉት። "ዶክተር፣ እኛ ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። እጅ ወይ ይነሳል ወይ አይነሳም። 'አላውቅም' የሚል እጅ አልተፈጠረልንም። እስቲ ሥራውን በእጃቸው የሚያውቁትን ሰው እንስማ።"

አጎቴ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። በማይክሮፎን ሲናገር የመጀመሪያው ስለሆነ አፉን በጣም አስጠግቶት ነበር፤ ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ዶክተሯን ዛሬ ምን እንደነካቸው አላውቅም። ባለፈው ቤቴ መጥተው ያነበቡልን ጥሩ ነበር፤ እውነትም ነበር። እኛ ቤት ሰው አይቀርም! ፋብሪካ ውስጥ ሰው ራሱን አመመኝ ብሎ ሳምንት ይተኛል። እኔ ጋ ግን የእህቴ ልጅ በሦስት ሰዓት ሁለት ጣቱን ማሽን ወሰደበት፤ በስምንት ሰዓት እዚያው ማሽን ላይ ቆሞ ነበር! እንዲህ ያለ ጀግና የትኛው ፋብሪካ አለ?"

ቀና ብሎ ጠበቀ። እንደሚያጨበጭቡለት ነበር የጠበቀው። ማንም አላጨበጨበም። ሻሽ ያሰረችው አባል ውሃዋን ልትጠጣ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

"በስምንት ሰዓት?" አሉ ሰብሳቢው ቀስ ብለው። "በዚያው ቀን?"

"በዚያው ቀን!"

"ሁለት ጣት ተቆርጦ?"

"ካላመኑኝ ወንድሙ ይኸው እዚያ አለ። ተነስ አንተ! ወንድምህ ቀርቷል?"

ተነሳሁ። አንድ ሰው ማይክሮፎን በእጄ አስያዘኝ።

"አልቀረም" አልኩ።

"ይኸው!" አለ አጎቴ።

መቀመጥ ነበረብኝ። ሰብሳቢው ግን "ከሰዓት በኋላ ምን ምን ሠራ?" አሉኝ፤ ለተጠየቁት አለመመለስ ነውር ነው።

"ጣውላ ገፋ። እጁ ስለተጠቀለለ የሚይዘው በክርኑ ነበር። ደሙ በፋሻው አልፎ ጣውላውን ነካው። ቀቢያችን ሦስት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ አልለቅም አለ። ገልብጠን የቁም ሳጥን ጀርባ አደረግነው። ደንበኛው አላየውም።"

ደንበኛው አላየውም የሚለውን ለምን እንደጨመርኩት እስካሁን አይገባኝም።

"መጠይቁ ላይ ዜሮ ብሎ የጻፈው ማነው?" አለችኝ ሻሽ ያሰረችው።

"እኔ ነኝ።"

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች።

"የጻፍከው ልክ ነበር?"

አሰብኩ። "ልክ ነበር" አልኩ። "ግን ልክ አልነበረም።"

እንደ ዶክተሯ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም።

ሰብሳቢው ያጠፉትን ገጽ መልሰው ዘረጉትና በመዳፋቸው አለሰለሱት። "የትናንሾቹ ቤቶች አንቀጽ ዛሬ ለድምፅ አይቀርብም። ዶክተር፣ ሦስት ወር ይበቃዎታል?"

"ስድስት ቢሆንልኝ።"

"ሦስት።"

"እሺ፣ ሦስት።"

"የቀረበትን ቀን ይተዉትና ጣት ይቁጠሩልን። ጣት እኔም መቁጠር እችላለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ዶክተሯ አጠገቤ ቆመች። "ደህና ሆነ ወይስ ባሰበት?" አለችኝ። እኔን ነው የጠየቀችኝ! አንቀጹ አልጸደቀም፤ አልተሰረዘምም። ክዳኑ ግዴታ አልሆነም፤ አልቀረምም። "እኔ እንጃ" አልኳት። "እኔም እንጃ" አለችኝና ሄደች።

አውቶቡስ ውስጥ አጎቴ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ "ምን አጠፋሁ?" አለ። "ወንድምህን አመሰገንኩት እኮ።"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አዩኝ? ሰው እንደገደለ አዩኝ።"

ሁለት ፌርማታ አለፍን።

"ለሴትዮዋ የነገርካት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"በአፍህ ነው በጽሑፍ?"

"በጽሑፍ።"

"ብዬ ነበር። በአፍህማ ከየት አምጥተህ!" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መጀመሪያ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ፈራሁ።"

"እኔን?"

ተገርሞ አየኝ፤ የእውነቱን ነው የተገረመው። ከዚያ እስክንወርድ ወደ ውጭ ሲመለከት ቆየ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተሯ አዲስ መጠይቅ ይዛ መጣች። አሁን ማንም እንዳይሞላላት፣ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በራሱ አንደበት እንደምትጠይቅ ተናገረች። አጎቴ "እንዳሻዎት" ብቻ አላትና ከጣውላው ክምር ጀርባ ሄዶ ምስማር መልቀም ጀመረ። የተበተነ ምስማር ግን አልነበረም።

ወንድሜ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አባ ቫርኒሽና እኔ ራቅ ብለን የምንሠራ መሰልን።

"ጉዳቱ ከደረሰብህ በኋላ፣ እጅህ እንደ ድሮው እስኪሠራልህ ስንት ቀን ፈጀ?" አለችው።

ወንድሜ ፈገግ ሊል ጀመረና ተወው። "ሌሎቹ ስንት አሉ?"

"የሌሎቹን ተወው። ያንተን ነው።"

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔ እንድመልስለት የፈለገ ይመስል። አጎንብሼ ማለስለሴን ቀጠልኩ። እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እንደ ሰው ዕቃ ተመለከተው።

"እንደ ድሮው ነው ያሉኝ?"

"አዎ፣ እንደ ድሮው።"

"እንደ ድሮውማ አልሆነም እኮ። ማለዳ አይጨብጥልኝም። ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ የሚያመኝ ደግሞ የሌለው ጣቴ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሬ ልቁጠርልዎት?"

የዶክተሯ ብዕር አየር ላይ ቀረ። "ይህን የት እንደምጽፈው አላውቅም" አለች። "ሳጥኑ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው።"

አጎቴ ከክምሩ ጀርባ ወጣ። ቀጥ ብሎ ሄዶ የማሽኑን ማብሪያ አጠፋው። ማሽኑ ድሮውንም አልበራም ነበር።

"ዶክተር፣ ያ ክዳን የሚሉት ነገር፣ ለዚህ ዓይነቱ ማሽን የሚሆን ልክ አለው?"

"እኔ ማሽን አላውቅም፤ የማውቀው ቁጥር ነው።"

"ሕጉስ ወጣ?"

"አልወጣም።"

"ይወጣል?"

"አላውቅም።"

"ይቺ ልጅ የምታውቀው ነገር ምንድን ነው?" ሲል አባ ቫርኒሽ አንሾካሾከ፤ ሁላችንም ሰማነው፤ እሷም ሰማችና ሳቀች።

አጎቴ ሜትሩን ከኪሱ መዘዘ። ጫፉን ወደ ወንድሜ ዘረጋለት። "ና ያዝ።"

"ሕጉ ሳይወጣ?"

"ያዝ አልኩህ እኮ።"

ወንድሜ ግራ እንደተጋባ ተነስቶ ያዘለት። አጎቴ የጥርሱን ቁመት ለካ፣ ከዚያ ወርዱን፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ያለውን ክፍተት። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ጠራ፤ እኔ ጣውላ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ።

"ድገመው ጋሼ" አለ ወንድሜ። "አዘንብለህ ነው የያዝከው።"

"አንተ ነህ ያዘነበልከው።"

"እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የያዝኩት፤ እየው!"

ዶክተሯ መጠይቋን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች ታያቸው ነበር። እነሱ ግን በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲጨቃጨቁ ቆዩ።